አንድ አውራጃ፣ ስንት ፑንጃቢ?

በፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2023 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የፋይሰላባድ አውራጃ ነዋሪ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት የመለሱት አንድ ቃል ነው፦ «ፑንጃቢ»። ጥቂቶች ኡርዱ አሉ፣ ከዚያም ያነሱት ፓሽቶና ሌላ ሌላ። ሠንጠረዡን ያየ ሰው «እዚህ አገር በቋንቋ በኩል የሚያነጋግር ነገር የለም» ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ግን አናልፍም። «ፑንጃቢ» በምትለዋ አንዲት ቃል ሥር ቢያንስ አራት ዓይነት አነጋገር ተደራርቦ ተቀምጧል። አንዱ ከዚያው አፈር የበቀለ ነው። ሌሎቹ ከሩቅ አውራጃዎች ተነሥተው፣ ግማሾቹ መሬት ፍለጋ፣ ግማሾቹ ነፍሳቸውን ለማትረፍ የመጡ ሰዎች ይዘዋቸው የገቡ ናቸው። ስለዚህ የዚህን አውራጃ ቋንቋ ማወቅ ማለት ውሃውን ማን እንዳመጣው፣ ድንበሩን ማን እንዳሰመረው ማወቅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ፑንጃብ በፋርስኛ «አምስት ውሃ» ማለት ነው፤ «ፓንጅ» አምስት፣ «አብ» ውሃ። በሁለት ወንዞች መካከል ያለ ምድር ደግሞ «ዶአብ»፣ ማለትም «ሁለት ውሃ» ይባላል። ፋይሰላባድ የሚገኘው በራቪና በቼናብ ወንዞች መካከል ነው። የወንዞቹ ዳርና ዳር ለም ነው፤ መሐሉ ግን ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማያዘወትረው፣ ቁጥቋጦ የወረሰው ሜዳ ነበር። ይህን የመሰለውን ሜዳ ያገሩ ሰው «ባር» ይለዋል። መጠጥ ቤት እንዳይመስላችሁ! የዚህኛው ባር ሙሉ ስሙ ሳንደል ባር ነው።

በሳንደል ባር ይኖሩ የነበሩት እንደ ኸረል፣ ሲያልና ፈትያና ያሉ ጎሳዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ ኑሯቸው በላም፣ በጎሽና በግመል ላይ የተመሠረተ ነበር። ዝናብ ሲጥል ወደ ባሩ ይወጣሉ፣ ሲደርቅ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። አነጋገራቸው ዛሬ በአብዛኛው ጅሃንጎቺ ይባላል፤ ከጎረቤቱ የጅሃንግ አውራጃ የተወሰደ ስም ነው። ራሳቸው ግን ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ጃትኪ ይሉታል።

ይህ አነጋገር ከላሆሩ ፑንጃቢ በምን ይለያል? በጥቂት ምሳሌ እንየው፤ ነገሩ ከሩቅ ቢመስልም ለአማርኛ ተናጋሪ ለመረዳት አይከብድም።

የላሆር ሰው «ያደርጋል» ለማለት «ከሬጋ» ይላል። የባር ሰው ግን «ከሬሲ» ይላል። «ነበር» ለማለት የላሆሩ «ሲ» ሲል የባሩ «ሃ» ይላል። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ አድራጊውን ከግሡ ጋር መስፋቱ ነው። እኛ «እሱ እሱን መታ» ብለን አንዘረዝርም፤ «መታው» እንላለን፣ ሰውየው ከግሡ ጭራ ላይ ይንጠለጠላል። የባር ሰውም እንዲሁ «አኬዩስ» ሲል በአንድ ቃል «እሱ አለ» ማለቱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡስ» ተናጋሪውን ታመለክታለች። የላሆሩ ፑንጃቢ ይህን ልማድ በአብዛኛው ትቶታል።

ሌላው ልዩነት በጆሮ የሚያዝ ነው። በላሆርና በአምሪትሳር አካባቢ «ኮራ» የሚለው ቃል በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ሦስት ነገር ይሆናል፦ ድምፁ ዝቅ ብሎ ከተነሣ ፈረስ፣ ወጥ ከሆነ ጅራፍ፣ ከፍ ካለ በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው። እኛ «አለ» የሚለውን አላልተን «ተናገረ»፣ አጥብቀን «ይገኛል» እንደምናደርገው ዓይነት ነው፤ በጽሑፍ አንድ፣ በአፍ ሁለት። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጅሃንግ ሲኬድ ግን ፈረስ «ኮራ» ሳይሆን «ግሆራ» ነው፤ «ግ» ከትንፋሽ ጋር በግልጽ ይሰማል። ጥንት ሁሉም እንዲህ ይል ነበር። ምሥራቁ ያንን ትንፋሽ ጥሎ በዜማ ተካው፤ ባሩ ግን አልጣለውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በሳንደል ባር የሚሰማው «ከሬሲ» የተበላሸ «ከሬጋ» አይደለም። እንዲያውም «ሲ» ያለበት የወደፊት ጊዜ ግሥ ዕድሜው የበለጠ ነው፤ በአሮጌው የፑንጃቢ ግጥም ውስጥ የምናገኘውም እሱን ነው። የፑንጃቢ ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠሩት ሸይኽ ፈሪዱዲን፣ ሕዝቡ ባባ ፈሪድ የሚላቸው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት በፓክፓታን ነው። ፓክፓታን ከሳንደል ባር በስተደቡብ፣ ራቪን ተሻግሮ የሚገኝ ከተማ ነው። በስማቸው የሚታወቁት ስንኞች በሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ተካተው ቆይተውልናል። የሸይኹ አፍና የእረኛው አፍ ተቀራራቢ ነበር ማለት ነው። ይህን ያዙት፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

የባር ሰዎች መጽሐፍ ባይጽፉም ዶላ የሚባል ረጅም የዜማ ግጥም ነበራቸው። ታሪካቸውን ያስቀመጡት በእሱ ነው። በ1857 በእንግሊዞች ላይ አመፅ ሲነሣ የኸረሎቹ አለቃ አሕመድ ኻን በጉጌራ አካባቢ ጎሳዎቹን አስተባብሮ ተነሣ። በመስከረም ወር ተገደለ፤ ወዲያው የአካባቢው እንግሊዛዊ ሹም በርክሊም በባሩ ሰዎች እጅ ወደቀ። የእንግሊዝ መዝገብ ነገሩን ሁከት ብሎ በጥቂት ገጽ ዘጋው። ዶላው ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ቆይቶ ሰብሳቢዎች በወረቀት አሰፈሩት። በየትኛው ቋንቋ? በዚያው «ከሬሲ» በሚለው።

ከዚያ ውሃው መጣ።

እንግሊዞች በቼናብ ወንዝ ላይ በኻንኪ ግድብ ሠርተው የታችኛው ቼናብ ቦይ የሚባለውን ትልቅ መስኖ በ1892 ከፈቱ። ግጦሹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስንዴና ጥጥ የሚበቅልበት እርሻ ሆነ። ከተማም ተቆረቆረ፤ በወቅቱ የፑንጃብ ገዥ በነበረው በሰር ጄምስ ላያል ስም ላያልፑር ተባለ። መሐሉ ላይ የሰዓት ማማ፣ ከማማው ስምንት አቅጣጫ የሚወጡ ስምንት ገበያዎች። ከላይ ሲታይ የእንግሊዝን ባንዲራ ይመስላል። ገበያዎቹ ስማቸውን ያገኙት ከሚያመሩበት ቦታ ነው፦ የጅሃንግ ገበያ፣ የቺኒዮት ገበያ፣ የባቡር ገበያ፣ የፍርድ ቤት ገበያ እያለ ይቀጥላል።

መሬቱን ግን ማን ያርሰው? መንግሥት የባሩን እረኞች አላመናቸውም። ለእነሱም መሬት ሰጥቷል፤ አብዛኛውን ድርሻ ግን ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ ፑንጃብ አውራጃዎች ለተመረጡ ገበሬዎች አደለ፦ ከአምሪትሳር፣ ከጉርዳስፑር፣ ከሲያልኮት፣ ከጃለንደር፣ ከሆሺያርፑር፣ ከሉዲያና፣ ከአምባላ። ሲኮችም ሙስሊሞችም ነበሩባቸው፤ ከሙስሊሞቹ አራይን የሚባሉት አትክልተኞች በትጋታቸው የታወቁ ናቸው። በ1901 የቅኝቱ ሕዝብ ወደ 800 ሺህ ተጠግቶ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት የነበረው ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ አብዛኛውም ዘላን ነው። የላያልፑር አውራጃ ራሱን ችሎ የተቋቋመውም ከዚህ በኋላ በ1904 ነው።

ለቋንቋው ዕጣ ወሳኝ የሆነው ሰዎቹ የሰፈሩበት መንገድ ነው። አዲሶቹ መንደሮች «ቻክ» ይባላሉ፤ ስም ሳይሆን ቁጥርና የቦይ ቅርንጫፍ ምልክት ነው የተሰጣቸው። ከአንድ አውራጃ የመጡትን በአንድ ላይ ማስፈር ልማድ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቻክ እንዳለ የጃለንደር፣ ጎረቤቱ እንዳለ የአምሪትሳር ሆነ። ሰዎቹም ቁጥሩን ትተው የጥንት መንደራቸውን ስም እያወጡ ጠሩት። በእንግሊዞች በ1931 የተሰቀለው ባጋት ሲንግ የተወለደው በዚህ ምድር በቻክ ቁጥር 105 ሲሆን፣ መንደሩ ባንጋ ይባል ነበር፤ ቤተሰቦቹ በመጡበት በጃለንደር አውራጃ በነበረው ባንጋ ስም።

ስም ብቻ ሳይሆን አፍም አብሮ መጣ። ከአምሪትሳርና ከላሆር ወገን የመጡት ማጅሂን ይዘው መጡ፤ ዛሬ መደበኛ የሚባለው ፑንጃቢ መሠረቱ እሱ ነው። ከጃለንደርና ከሆሺያርፑር የመጡት ዶአቢ ይናገሩ ነበር፤ ብዙዎቹ «ቨ»ን «በ» ያደርጓታል፤ «ተመልከት» የሚለውን ሌላው «ቬኽ» ሲል እነሱ «ቤኽ» ይላሉ። ከሉዲያና ወገን የመጡት ማልዋይ ተናጋሪዎች ናቸው፤ «የእናንተ» ለማለት ሌላው «ቱሃዳ» ሲል እነሱ «ቶዳ» ብለው ያሳጥሩታል። አንድ ቦይ ተከትሎ በእግር የሚሄድ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ሦስቱንም መስማት ይችል ነበር።

ባለአገሮቹስ? ሰፋሪዎቹ «ጃንግሊ» አሏቸው፤ የጫካ ሰው ማለት ነው። የመንግሥቱም መዝገብ ይህንኑ ስም የወግ ስም አድርጎ ተጠቀመበት። ሰፋሪዎቹ ራሳቸውን የጠሩት «አባድካር» ብለው ነው፤ ምድርን የሚያለማ። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩአቸው። አንዱ አልሚ፣ አንዱ ጫካ። ስድቡ ከሰውየው ወደ ምላሱ ለመሸጋገር ጊዜ አልፈጀበትም፤ «ከሬሲ» ያለ ሁሉ ጃንግሊ ሆነ።

በዚሁ ዘመን ጆርጅ ግሪርሰን የተባለ አየርላንዳዊ ሹም የሕንድን ቋንቋዎች ሁሉ ይመዘግብ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከወንጌል የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ለየአካባቢው ሰው እየሰጡ «በራሳችሁ አፍ መልሱት» ማለት። ከዚያ አነጋገሮቹን አነጻጽሮ ፑንጃብን ለሁለት ከፈለ፤ ምሥራቁን «ፑንጃቢ»፣ ምዕራቡን «ላህንዳ» አለው። ላህንዳ ማለት ምዕራብ፣ ፀሐይ የምትጠልቅበት ነው፤ መግሪብ እንደምንለው። ተናጋሪዎቹ በዚህ ስም ራሳቸውን ጠርተው አያውቁም ነበር። ግሪርሰንም ቢሆን በሁለቱ መካከል ቁርጥ ያለ ድንበር እንደሌለ፣ አንዱ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው እንደሚቀላቀል ሳይደብቅ ጽፏል። መስመሩ ግን በካርታ ላይ ቀረ፤ ያለፈውም በእነዚሁ የባር አውራጃዎች በኩል ነው። በዚያ ላይ ቦይ የተከፈተው ምሥራቁን ወደ ምዕራቡ መሐል ወስዶ ስለዘራው፣ መስመሩ በአንድ መንደርና በጎረቤቱ መካከል ሆነ።

በ1907 መንግሥት የሰፋሪዎቹን የመሬት መብት የሚያጠብ ሕግ ሲያወጣ ላያልፑር ተናወጠች። ሰልፈኞቹን ያነሣሣው በፑንጃቢ የተገጠመ፣ ገበሬውን «ጥምጣምህን ጠብቅ» የሚል መዝሙር ነበር። የመንግሥት ቢሮ በኡርዱና በእንግሊዝኛ ይሠራ በነበረበት ዘመን ሙስሊሙን፣ ሲኩንና ሂንዱውን በአንድ አደባባይ ያቆመው የቤት ቋንቋቸው ነው። እንደራሴው ሕጉን ሻረው።

አርባ ዓመት አለፈና 1947 መጣ። ድንበሩ ነሐሴ 17 ቀን ታወጀ፤ ላያልፑር ለፓኪስታን ደረሰች። በሁለቱም ወገን የፈሰሰውን ደም እዚህ አልዘረዝረውም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። የላያልፑር ሲኮችና ሂንዱዎች በበሬ ጋሪና በእግር፣ በመቶ ሺዎች፣ ወደ ምሥራቅ ወጡ። ከምሥራቅ ደግሞ ሙስሊሞች ንብረታቸውን ጥለው፣ ብዙዎችም ቤተሰባቸውን በመንገድ ቀብረው ገቡ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ወደ ላያልፑር የገቡት ሙሃጂሮች በብዛት ከየት የመጡ ናቸው? ከጃለንደር፣ ከሆሺያርፑር፣ ከሉዲያና፣ ከአምሪትሳር፣ ከጉርዳስፑር። የወጡት የሲክ ሰፋሪዎች አባቶች ከሃምሳ ዓመት በፊት የመጡትም ከነዚያው አውራጃዎች ነበር። የሕንድ መንግሥትም በበኩሉ ከላያልፑር የተፈናቀሉትን በተቻለ መጠን ወደየአባቶቻቸው አውራጃ መለሳቸው። ስለዚህ በብዙ ቻኮች የቤቱ ባለቤት ተለወጠ፣ ሃይማኖቱ ተለወጠ፤ በግቢው ውስጥ የሚሰማው ዘዬ ግን ብዙም አልተለወጠም። ዶአቢ ተናጋሪው ሲክ ወጣ፣ ዶአቢ ተናጋሪው ሙስሊም ገባ። ድንበር ያሰመሩት ሰዎች ሃይማኖት ቆጠሩ እንጂ አፍ አልቆጠሩም።

ከነዚያ ሙሃጂር ቤተሰቦች አንዱ ከጃለንደር የመጣ የቀዋሊ ዘማሪዎች ቤተሰብ ነው። በ1948 ላያልፑር ውስጥ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ኑስረት ፈተህ ዓሊ ኻን። በ1997 እስኪያርፍ ድረስ በፑንጃቢ፣ በኡርዱና በፋርስኛ አዚሟል፤ ፑንጃቢ አንድ ቃል የማይሰማውን አውሮፓዊና ጃፓናዊ ሳይቀር ያስለቀሰ ሰው ነው። ከተማዋ ስሟን የቀየረችው እሱ ወጣት ሳለ በ1977 ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በተገደሉት በሳዑዲው ንጉሥ ፈይሰል ስም ፋይሰላባድ ተባለች። የእንግሊዙ ገዥ ስም ሄደ፣ የዓረቡ ንጉሥ ስም መጣ። የሳንደልን ስም ያስታወሰ ግን አልነበረም።

የተለያዩት ሰዎች አፋቸው አንድ ቢሆንም ፊደላቸው ተለያየ። በፓኪስታን ፑንጃቢ የሚጻፈው በዓረብኛ ፊደል ላይ በተመሠረተው ሻህሙኺ ነው፤ በሕንድ በኩል በጉርሙኺ። የኛ የወሎ ዑለማዎች አማርኛ መንዙማን በዓጀም ሲጽፉ ዓረብኛ ለሌለው ድምፅ ምልክት እንደጨመሩት ሁሉ፣ ሻህሙኺም በዓረብኛ ፊደላት ላይ ምልክት እየጨመረ የሚጻፍ ነው። ዛሬ የላያልፑር ሲክ የልጅ ልጅና የጃለንደር ሙስሊም የልጅ ልጅ በስልክ ቢገናኙ እስኪጠግቡ ያወራሉ። ደብዳቤ ቢጻጻፉ ግን አንዱ የሌላውን አንድ መስመር አያነብም።

ሻህሙኺ ሌላም ነገር ይዟል። «ፈረስ» የሚለው ቃል በሁለቱም ፊደሎች የሚጻፈው በጥንቱ አነጋገር፣ «ግሆራ» ተብሎ ነው። አምሪትሳርኛ ተናጋሪው እንደዚያ ጽፎ «ኮራ» ብሎ ያነባል። እንደተጻፈው የሚያነበው ጃንግሊ የተባለው ነው!

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ከያዙ በኋላ ለታችኛው አስተዳደርና ለትምህርት የመረጡት ኡርዱን ነበር። ፓኪስታን ስትመሠረትም ኡርዱ ብሔራዊ ቋንቋ ሆነ፤ ፑንጃቢ የቤት፣ የገበያና የቀልድ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። በቀልዱ ፋይሰላባድን የሚያህል የለም፤ «ጁገት» የሚባለው ቶሎ የሚወረወር የቃላት ሽሙጥ በመላው አገሪቱ የታወቀው በዚህች ከተማ ሰዎች ነው። ችግሩ ቋንቋው ለሳቅ ብቻ ሲፈለግ ነው። በከተማው ዛሬ ባልና ሚስት በፑንጃቢ እያወሩ ወደ ልጃቸው ሲዞሩ ወደ ኡርዱ መቀየራቸው የተለመደ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት እንዳያፍር ብለው ነው፤ እንደ ወላጅ ካየነው የሚፈረድባቸው አይመስለኝም።

ይህ ጫና በሁሉም ዘዬዎች ላይ አለ። በባሩ አነጋገር ላይ ግን ሁለት እጥፍ ነው። አምሪትሳርኛው ቢያንስ መደበኛ የሚባለው ፑንጃቢ የራሱ ነው፤ መጽሐፍ፣ ፊልምና ዘፈን አለው። የባር ልጅ ኡርዱን በትምህርት ቤት፣ ማጅሂን በገበያ ይማርና የአያቱን «ከሬሲ» ለሠርግና ለለቅሶ ያስቀምጠዋል።

ስሙንም በተመለከተ ክርክር አለ። በ1960ዎቹ በሙልታን የተሰባሰቡ ጸሐፊዎች የደቡብ ምዕራቡን አነጋገር «ሰራይኪ» በሚል አንድ ስም አደራጁት፤ ከ1981 ጀምሮም በሕዝብ ቆጠራው ራሱን ችሎ ተቆጠረ። ከነሱ ብዙዎቹ ጅሃንጎቺን የኛ ነው ይላሉ፤ የላሆሮቹ ደግሞ የለም፣ የፑንጃቢ ዘዬ ነው ይላሉ። በሰዋስው ካየነው ሁለቱም ማስረጃ አላቸው፤ በመሐል የበቀለ ነገር ሁለቱንም ወገን መምሰሉ አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት ቁጥሩን መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ከነግጥማቸው ሲያልፉ ዶላውን የሚቀዳ ሰው ከሁለቱም ሠፈር እምብዛም አይመጣም።

በጁን 2024 የፑንጃብ ምክር ቤት ደንቡን አሻሽሎ አባላት ከኡርዱና ከእንግሊዝኛ ሌላ በፑንጃቢ፣ በሰራይኪ፣ በፖቶሃሪና በሜዋቲ እንዲናገሩ ፈቀደ። ሜዋቲ በ1947 ከሕንድ ከመጡ ሙሃጂሮች ጋር የገባ ነው፤ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ሰፍሯል። ጅሃንጎቺ የለበትም። ከጅሃንግ ወይም ከፋይሰላባድ ወንዝ ዳር የተመረጠ ሰው ተነሥቶ «ከሬሲ» ቢል የሚከለክለው የለም፤ ቃለ ጉባኤው ግን የሚመዘግበው «ፑንጃቢ» ብሎ ነው፣ ወይም «ሰራይኪ»።